የማሽኑ ሳይንስ፦ የቅንጣት ማፍጠኛ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ

የቅንጣት ፊዚክስ ቁስ አካል በመጨረሻ ከምን እንደተሠራና ጥቃቅን ክፍሎቹን የሚያስተሳስሯቸው ኃይሎች ምን እንደሆኑ የሚመረምር የሳይንስ ዘርፍ ሲሆን፣ የቅንጣት ማፍጠኛ ወይም አክስለሬተር የሚባለው ማሽን ደግሞ የዚህ ምርምር ዋነኛ መሣሪያ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ቢነሡም በዩኒቨርሲቲ ያላቸው ስፍራ እጅግ ይለያያል፤ የቅንጣት ፊዚክስ በብዙ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች በመደበኛነት ሲሰጥ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚሠራ የሚያስረዳው ትምህርት ግን በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ስለሚገኝ፣ ከመስኩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዕውቀቱን ያገኙት በሥራ ላይና በአጫጭር ልዩ ትምህርት ቤቶች ነው። ይህ ልማድ ለማሽኑ ሳይንስ የሚገባውን ክብር ነፍጎታል፤ የቅንጣት ፊዚክስ ታሪክ ራሱ እንደሚመሰክረው ብዙዎቹ ታላላቅ ግኝቶች የተገኙት አስቀድሞ ማሽኑን ያሻሻለ ሰው በመኖሩ ነው።

የማፍጠኛው መሠረታዊ ሐሳብ ለማንኛውም የኤሌክትሮማግኔቲዝም ተማሪ ቅርብ ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት፣ ለምሳሌ ፕሮቶን ወይም ኤሌክትሮን፣ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲያልፍ ጉልበት ይጨምራል፤ መግነጢሳዊ መስክ ግን ኃይሉን የሚያሳርፈው ምንጊዜም ከቅንጣቱ ጉዞ በጎን በኩል በመሆኑ መንገዱን ያጥፈዋል እንጂ ጉልበት አይጨምርለትም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መስክ ያፈጥናል፣ ማግኔት ይመራል። የቅንጣቱ ጉልበት የሚለካው በኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ ይህም አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ልዩነት ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኘው ጉልበት ነው። ኧርነስት ሎሬንስ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1931 ውጤት ያሳየው የመጀመሪያው ሳይክሎትሮን የተባለ ክብ ማፍጠኛ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ያህል ትንሽ ሆኖ የሃይድሮጅን አዮኖችን እስከ 80,000 ኤሌክትሮን ቮልት አድርሷል። ዛሬ በጄኔቫ አቅራቢያ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር የሚገኘው፣ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ታላቁ የሃድሮን ማጋጫ ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቀለበት ውስጥ እያንዳንዱን ፕሮቶን እስከ 6.8 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያደርሳል። ፕሮቶኖቹን በቀለበቱ ዙሪያ የሚያጥፉት 1,232 ማግኔቶች እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ፣ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ እንዲያሳልፉ ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛሉ፤ የሚሰጡት መስክ ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይበረታል።

ይሁን እንጂ ተማሪውን በብርቱ የሚፈትነውም የሚማርከውም ጥያቄ ማፍጠኑ ወይም ማጠፉ ሳይሆን ቅንጣቶቹን በአንድነት ማቆየቱ ነው። በሰርን ቀለበት ውስጥ አንድ ፕሮቶን በሰከንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ በ10 ሰዓት ውስጥ ከ400 ሚሊዮን በላይ ዙሮችን ይጨርሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር በጣም ትንሽ እንኳ ወደ ጎን እየራቀ ቢሄድ ብዙም ሳይቆይ ከሚጓዝበት ቧንቧ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒት የሆነው አራት ዋልታዎች ያሉት ማግኔት ሲሆን፣ ቅንጣቶችን በአግድም ሲሰበስብ በቁም ግን የሚበትን መሆኑ መጀመሪያ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስል ነበር። መፍትሔው የመጣው አንዱን ሰብሳቢ ሌላውን በታኝ እያደረጉ ማግኔቶቹን በተፈራራቂነት በመደርደር ነው፤ በሚሰበስበው ማግኔት ውስጥ ከመሃል ርቀው የሚያልፉት ቅንጣቶች ቀጥሎ ባለው በታኝ ማግኔት ውስጥ ወደ መሃል ተጠግተው ስለሚያልፉ፣ መሰብሰቡ ከመበተኑ ይበልጣል፣ ድምር ውጤቱም በሁለቱም አቅጣጫ መሰብሰብ ይሆናል።

ይህን መላ ኩራንት፣ ሊቪንግስተንና ስናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙት። ነገር ግን በአቴንስ የአሳንሰር መሐንዲስ ሆኖ ይሠራ የነበረው ኒኮላስ ክሪስቶፊሎስ ከእነርሱ ቀደም ብሎ በግሉ ባደረገው ጥናት እዚያው ላይ ደርሶ የፈጠራ መብት ጠይቆበት ነበር፤ ወደ አሜሪካ የላከው ጽሑፍ በጊዜው ትኩረት ባያገኝም ኋላ ላይ ቀዳሚነቱ ታውቆለት ራሱም ብሩክሄቨን ገብቶ ሠርቷል። ይህ ታሪክ በማፍጠኛ ትምህርት ውስጥ መነገሩ ተገቢ ነው፤ ትልቅ ማሽን በሌለበት አገር የተቀመጠ ሰው፣ መሠረታዊውን ፊዚክስ ጠንቅቆ ካወቀ፣ መስኩን የሚለውጥ ሐሳብ ማፍለቅ እንደሚችል ያረጋግጣልና።

የዚህ ትምህርት ሒሳባዊ መልክ ደግሞ ከሚገመተው በላይ ቀላልና ውብ ነው። የአንድ ቅንጣት ሁኔታ በእያንዳንዱ አቅጣጫ፣ በአግድም ወይም በቁም፣ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ አንዱ ከቧንቧው መሃል ምን ያህል እንደራቀ፣ ሁለተኛው በምን ያህል ማዕዘን እንዳዘነበለ ያሳያል። እያንዳንዱ ማግኔት፣ እንዲሁም በማግኔቶች መካከል ያለው ባዶ ስፍራ፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የሚለውጥ ሁለት በሁለት ማትሪክስ፣ ማለትም አራት ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ይሆናል፤ ተማሪው ማትሪክሶቹን በቅደም ተከተል ሲያባዛ ሙሉው ቀለበት በአንድ ማትሪክስ ይጠቃለላል። በዚህ ማትሪክስ ሰያፍ ላይ ያሉት የሁለቱ ቁጥሮች ድምር ከ-2 በላይና ከ2 በታች ከሆነ ቅንጣቱ በቀለበቱ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚህ ከወጣ ይጠፋል። በመጀመሪያ ዓመት የተማረው ሊኒየር አልጀብራ የአንድን ግዙፍ ማሽን ዕጣ ሲወስን ማየት ለፊዚክስ ተማሪ ብርቅ ደስታ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ትምህርት የሬዲዮ ሞገድ ክፍሎችን፣ የቫኩም ቴክኖሎጂን፣ የማቀዝቀዣ ምሕንድስናንና አንጻራዊነትን ያካትታል። እነዚህን በአንድ ላይ ለማስተማር የአሜሪካ የቅንጣት ማፍጠኛ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች እየተስተናገደ፣ የአንድ ሴሚስተርን ትምህርት በሁለት ሳምንት ከነፈተናው ያጠናቅቃል፤ በሰርን ሥር የሚገኘው ተመሳሳይ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1983 ተመሥርቶ ይሠራል። በቅንጣት ፊዚክስ በኩል የሚዘልቀው ተማሪ ደግሞ ኳንተም ሜካኒክስንና የመስክ ንድፈ ሐሳብን ካጠና በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው በስታቲስቲክስና በኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሕፈት ላይ ነው፤ በሰርን የፕሮቶን እሽጎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚተላለፉ፣ ከሚፈጠሩት ግጭቶች መካከል ብርቅ የሆነውን ክስተት መለየት ያለ እነዚህ አይቻልም።

ማሽኑና ግኝቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ከምንም በላይ የሚያሳየው የሲሞን ፋን ደር ሜር ሥራ ነው። ይህ ኔዘርላንዳዊ መሐንዲስ የተበታተኑ አንቲፕሮቶኖችን በጠባብ ስፍራ የሚሰበስብ ስልት በመፍጠሩ፣ ደብልዩና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች እ.ኤ.አ. በ1983 በሰርን ሊገኙ ቻሉ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከካርሎ ሩቢያ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። የማሽን ሰው ሥራ የድጋፍ ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ፊት መቆም አይችልም።

በዓለም ላይ ካሉት በአሥር ሺህዎች ከሚቆጠሩ ማፍጠኛዎች ለቅንጣት ፊዚክስ ምርምር የሚውሉት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በሆስፒታልና በኢንዱስትሪ ይሠራሉ። ለካንሰር የጨረር ሕክምና የሚያገለግለው ሊኒየር አክስለሬተር ኤሌክትሮኖችን በሬዲዮ ሞገድ አፍጥኖ ከብረት ዒላማ ጋር በማጋጨት ኃይለኛ ኤክስሬይ ያመነጫል፤ ኢትዮጵያም ይህን ማሽን በሆስፒታሎቿ መጠቀም ጀምራለች። ማሽኑ ግን በአግባቡ የሚለካው፣ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሰው ከሌለው ሥራ ያቆማልና፣ የማፍጠኛ ዕውቀት ለአገሪቱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

መንገዱም ዝግ አይደለም። የአፍሪካ የመሠረታዊ ፊዚክስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ ከተጀመረ ወዲህ በየአገሩ እየተዘዋወረ ከአህጉሩ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ የሰርን የክረምት ፕሮግራምም አባል ካልሆኑ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተናግዳል፤ የሰርን የማፍጠኛ ትምህርት ቤት የትምህርት ጽሑፎችም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። የማፍጠኛ መግቢያ ኮርስ ለመክፈት ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ ኤሌክትሮማግኔቲዝም የተማሩ ተማሪዎች፣ አንድ ፈቃደኛ መምህርና ጥቂት ኮምፒውተሮች ይበቃሉ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ይህን ኮርስ ቢያንስ በምርጫ መልክ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል።