ተደራራቢ ጭንቀትና የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና

በሕክምና መጻሕፍት እያንዳንዱ የጭንቀት ሕመም የየራሱ ስምና ምልክት ተሰጥቶታል። በአንድ ሰው ላይ ግን ሁለትና ሦስት ሆነው መደራረባቸው የተለመደ ነው። ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራው እጩ መምህር ሌሊቱን ስለ ፈተና፣ ስለ ቤተ ሰቡ ጤናና ስለ ነገ ኑሮው ሲያወጣ ሲያወርድ ያነጋል። አንድ ቀንም ልቡ በድንገት በኃይል ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥረው የሚሞት ይመስለዋል። ታዲያ ሕክምናው ከየትኛው ይጀመር?

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባቀረበው አስተሳሰብ መሠረት፣ ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ለሁኔታው የሚሰጠው ትርጉም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ የተዘጋጁት የሕክምና መምሪያዎች በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ሕመም ለየብቻ ስለነበሩ፣ ሦስት ሕመም ያለበት ሰው ሦስት መምሪያ የሚያስፈልገው መሰለ።

የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ ግን ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ወጥ መምሪያ አዘጋጁ። በእነርሱ አመለካከት የሕመሞቹ ስም ቢለያይም ሥር እንዲሰዱ የሚያደርጋቸው ነገር ተመሳሳይ ነው። ሰውየው የገዛ ስሜቱን ይፈራል፤ ስለዚህም ይሸሻል። ሽሽቱ ለጊዜው ያሳርፈዋል፤ ዕረፍቱም የሸሸው ነገር በእርግጥ አደገኛ እንደነበረ ያስመስልበታል። በትምህርት ሥነ ልቡና አሉታዊ ማጠናከሪያ የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ ታካሚው ሐሳቡን መመርመርና የሚፈራውን ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ይለማመዳል። ለምሳሌ የልቡ ምት የሚያስፈራው ሰው፣ የልብ በሽታ እንደሌለበት ከተረጋገጠ በኋላ፣ በቆመበት እየሮጠ ምቱን ሆን ብሎ ያፈጥናል። በዚህ ልምምድ ያገኘው ትዕግሥት ሰው ፊት ቆሞ ልቡ ሲመታም ይጠቅመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመና 223 ታካሚዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ወጥ መምሪያው ለየሕመሙ ከተዘጋጁት ጋር በውጤት እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናውን ያቋረጡትም ያነሱ ነበሩ። እኩል እንጂ የበለጠ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ሆኖም ባለሙያ በጥቂቱ በሚገኝበት አገር በብዙ መምሪያ ፈንታ አንዱን ማስተማር ቀላል ጥቅም አይደለም።

መምህር ሐኪም አይደለም። ነገር ግን የሚፈራውን እጩ መምህር የማስተማር ልምምዱን ከወሰን ወደ ወሰን ማስተላለፍ፣ ርኅራኄ ቢመስልም፣ ሽሽቱን ማገዝ ነው። ባንድ ጊዜ ስድሳ ተማሪ ፊት ማቆምም አይበጀውም። በመጀመሪያ ለአንድ ጓደኛው፣ ቀጥሎ ለአራት ለአምስት፣ ከዚያም ለግማሽ ክፍል እያለ ቢያስተምር ይሻላል። እንቅልፍና ምግብ ያጣ ወይም ከትምህርት ገበታ የራቀ እንደሆነ ግን ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የልምምዱም ደረጃ በባለሙያው ምክር ይወሰናል።