ባለ ቀለም የብረት ነጸብራቅ በጥቃቅን ቅርጻ ቅርጾች ላይ፦ የዓድዋ ዘመን ጋሻ እንደ ምሳሌ

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመቱት መኳንንት ብዙዎቹ የያዙት የቆዳ ጋሻ ፊቱ በከፋይ የተለበጠ፣ በብር ወይም በወርቅ ቅብ ያጌጠ ነበር። ይህን ጋሻ 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው የጦረኛ ቅርጽ ላይ የሚቀባ ባለሙያ መሠረታዊ ችግር ይገጥመዋል፤ ቅርጹ ሲያንስ የቀለሙ ቅንጣት አብሮ አያንስም።

ብርማ ቀለም የሚያብረቀርቀው በውስጡ ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች ብርሃንን እንደ መስታወት ስለሚመልሱ ነው። 1.7 ሜትር ቁመት ያለው ሰው በ28 ሚሊ ሜትር ሲወከል ልኬቱ 60 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ 30 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት በእውነተኛው ጋሻ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ፍንጣሪ ያህል ነው፤ ጋሻው ብረት ሳይሆን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ደቃቅ ቅርፊት ያለው ቀለም የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የወርቁን መልክ ለማግኘት ብርሃን የማያሳልፍ ቢጫ ከብርማው ጋር ቢደባለቅ ቅርፊቶቹ ተሸፍነው ነጸብራቁ ይደበዝዛል። ይልቁንም በጥቁር መደብ ላይ ብርማው፣ በእርሱም ላይ ብርሃን አሳላፊ ቢጫ በስሱ ይቀባል። ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም በቢጫው ስለሚያልፍ ቀለሙ ይደምቃል፤ ነጸብራቁም አይጠፋም።

እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ በክረምት እርጥበት በውኃ የሚሟሙ ቀለሞች ዘግይተው ይደርቃሉ። ብርማው ሳይደርቅ ቢጫው ከተቀባ ብሩሹ ቅርፊቶቹን ያነሣቸዋል። በመጨረሻም ከፋዩ ሳያብረቀርቅ መተው ይኖርበታል፤ ብረቱ ብረት መሆኑ የሚታወቀው ከጎኑ ባለው ደብዛዛ ገጽ ነውና።