ስለ ዋጋ ክርክርና ስለ ገዥዎች ልዩ ልዩ ጠባይ

በመርካቶም ሆነ በሌሎች ከተሞች ገበያ፥ ነጋዴ ከገዥ አፍ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «ውድ ነው» የሚለው ነው። ቃሉ አጭርና በሁሉም አፍ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ብዙ ሻጮች መልሱም አንድ ብቻ፥ ይኸውም ዋጋ መቀነስ፥ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይህን ቃል የሚናገሩት ሰዎች በጠባይም በችግርም የተለያዩ ናቸው። አንዱ «ውድ ነው» ሲል «ገንዘቤ አይበቃም» ማለቱ ነው፤ ሌላው «እንዳልታለል እፈራለሁ» ማለቱ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ «አክብረህ አነጋግረኝ» ማለቱ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ፥ በሽተኛውን ሳይጠይቅ ለሁሉ አንድ ክኒን የሚያድል ሐኪም ይመስላል።

በቅድሚያ የቅናሹን ሒሳብ መመልከት ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ የስፌት መኪና ነጋዴውን 17,000 ብር አስወጥቶት፥ ታክስ ሳይጨመር በ20,000 ብር የሚሸጥ ቢሆን፥ ትርፉ 3,000 ብር ነው። ገዥው «ውድ ነው» ባለ ጊዜ አሻሻጩ 1,000 ብር ቢቀንስለት፥ ከዋጋው የተነሣው ከመቶ አምስት ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ይመስላል። ከትርፉ የተወሰደው ግን ሢሶው ነው። ቀድሞ ሁለት መኪና ሸጦ ያገኝ የነበረውን 6,000 ብር ለማግኘት ከእንግዲህ ሦስት መሸጥ ይኖርበታል። የሱቅ ኪራይ፥ የሠራተኛ ደመወዝና የመብራት ሒሳብ የሚከፈለውም ከዚሁ ከቀረው ላይ ነው። የገዥው ችግር በቅናሽ የማይፈታ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያ 1,000 ብር በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ጠርጣሪው ገዥ ነው። ይህ ሰው ከዋጋው ብዛት ይልቅ መታለልን ይፈራል፤ ምናልባት ከዚህ በፊት በአንድ ሱቅ ተታልሎ፥ ወይም ጎረቤቱ «እኔ በርካሽ ገዛሁ» ብሎ አስቈጭቶት ይሆናል። ምልክቱም ዕቃውን እያገላበጠ መመርመሩ፥ «ዋናው ነው ወይስ ተመሳሳዩ?» እያለ ደጋግሞ መጠየቁና የሻጩን ፊት ማየቱ ነው። ለእንዲህ ያለው ገዥ ፈጥኖ ዋጋ መቀነስ ከሁሉ የከፋ መልስ ነው። 20,000 ብር የተባለው ዕቃ በአንድ ቃል 18,000 ብር ሲሆን፥ ገዥው በልቡ «ታዲያ ዝም ብል ኖሮ 2,000 ብሬን ሊበሉኝ ነበራ!» ይላል። ከዚያ በኋላ 18,000 ብሩንም አያምነውም፤ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። ለእርሱ የሚበጀው ማስረጃ ነው። መኪናውን ከካርቶኑ አውጥቶ በፊቱ በወፍራምና በስስ ጨርቅ ላይ መስፋት፥ የዋስትናውን ወረቀት ማሳየት፥ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ መንገር፥ ርካሹንም መኪና አጠገቡ አስቀምጦ ልዩነቱን በገዛ እጁ እንዲሞክር መተው ያስፈልጋል። ዕቃው ጉድለት ካለው ሻጩ ራሱ አስቀድሞ ቢናገር፥ ለምሳሌ «ይህ መኪና ለቆዳ ሥራ አይሆንም» ቢል፥ ከብዙ ሙገሳ የበለጠ ያሳምነዋል።

በጠባይ የዚህ ተቃራኒ የሆኑት የዋጋ ክርክርን እንደ መልካም ጨዋታ የሚወዱት ናቸው። ይህ ልማድ በዕድሜ በገፉ እናቶች ዘንድ በርከት ብሎ ይታያል። «ልጄ፥ በል እንግዲህ የእናትህን ዋጋ ንገረኝ» ብለው ሲገቡ ገንዘቡ ጠፍቷቸው አይደለም። ወጣቱ አሻሻጭ «ቁርጥ ዋጋ ነው» ብሎ ፊቱን ቢያዞርባቸው፥ ቃሉ እውነት ቢሆንም አነጋገሩ እንደ ስድብ ይቈጠርበታል። ነገር ግን «እናቴ፥ አረፍ ይበሉ፤ ዋጋው ለሁሉም ይኸው ነው፥ ሆኖም ባዶ እጅዎን አልሸኝዎትም» ብሎ ጥቂት መርፌና ክር ቢመርቅላቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የምርቃቱ ዋጋ ከ1,000 ብር ቅናሽ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለእርሳቸው ግን ተከራክረው ያገኙት ስለ ሆነ ትልቅ ነገር ነው። ምርቃት በአገራችን የቆየ የገበያ ልማድ ሲሆን፥ በአንዳንድ አዳዲስ ሱቆች መዘንጋቱ የሚያሳዝን ነው።

ባለሙያው ልብስ ሰፊ ግን በምርቃት አይደለልም፤ ሒሳብ ይፈልጋል። ለእርሱ ዋጋውን ለሥራ ቀን ማካፈል ይረዳል። የ20,000 ብሩ መኪና አራት ዓመት ቢያገለግልና በዓመት 250 ቀን ቢሠራበት፥ 1,000 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ይህም በቀን 20 ብር ነው። 14,000 ብር የሚያወጣው ሌላው መኪና ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግል በቀን 28 ብር ይመጣል። ይሁን እንጂ ልብስ ሰፊው የመኪናን ዕድሜ ከሻጩ አብልጦ ያውቃልና፥ የዓመቱን ቍጥር ከራሱ ጠይቆ ሒሳቡን በእርሱ ቍጥር መሥራት ይሻላል። ሻጩ ከራሱ አውጥቶ «አሥር ዓመት ያገለግላል» ቢለው ይስቅበታል።

በእውነት ገንዘቡ የማይበቃው ገዥ ይህን በግልጽ መናገር ያፍራል። «ውድ ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ዓይኑ ግን ከዕቃው ላይ አይነሣም። በዚህ ጊዜ ስለ ዕቃው መልካምነት ማብዛት ቍስሉን መነካካት ነው፤ መልካምነቱንማ አምኗል። ክብሩን ሳይነኩ «ቀብድ አስይዘው ዕቁብ ሲወጣልዎ ይወስዱታል» ማለት፥ ወይም ሞተር የሌለውን በእግር የሚሠራውን መኪና ማሳየት የተገባ ነው። ዱቤ በተሰጠ ጊዜ ውሉ በጽሑፍ፥ ዋሱም የታወቀ ይሁን።

በዛሬው ገበያ ከሁሉ የሚያስቸግረው የድሮውን ዋጋ የሚያስታውሰው ገዥ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ቀን የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ዋጋው አብሮ ተነሣ። ገዥው «ይህንኑ መኪና ወንድሜ በግማሽ ዋጋ ገዝቶታል» ሲል ውሸት አልተናገረምና መሟገት አይገባም። «እውነትዎን ነው፥ ያን ጊዜ ዋጋው ያ ነበር» ብሎ መጀመርና፥ ይህ ሲሸጥ በምትኩ የሚገዛው ሌላ መኪና በአሁኑ ምንዛሪ እንደሚመጣ ማስረዳት ይበቃል። በዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ዕቃው ከምንዛሪው ለውጥ በፊት ገብቶ በመጋዘን የቆየ ሲሆን «በአዲሱ ዶላር ያስገባሁት ነው» ማለት ቅጥፈት ነው፤ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቀን ማንበብ የሚችል ገዥ ጥቂት አይደለም። የምትክ ዋጋ ሒሳብ ነጋዴው በግልጽ ሊሟገትበት የሚችል እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ሐሰት ሲጨመርበት ግን ራሱ ምክንያቱም ይረክሳል።

ሌላው በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ «ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 15 ስለሚከፈል፥ የ20,000 ብሩ መኪና ለታክሱ በተመዘገበ ነጋዴ ሱቅ 23,000 ብር ይደርሳል። ገዥው እንዲቀነስለት የሚለምነው 3,000 ብር የነጋዴው ገንዘብ አይደለም፤ ነጋዴው ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስረክበው ነው። ይህን በቍጣ ሳይሆን በለሆሳስ መንገር ይቻላል። ገዥው ራሱ ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ፥ ለንግዱ ሥራ በገዛው ዕቃ ላይ የከፈለውን ታክስ ከሚያስረክበው ላይ ለማቀናነስ ደረሰኙ እንደሚያስፈልገው ቢነገረው፥ ብዙ ጊዜ ክርክሩ በዚያው ይቆማል።

የመሥሪያ ቤት ገዥ ጠባዩ ብዙም አያሳስብም፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ የሚያወዳድረው ወረቀት ነው። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የመኪናው ዓይነት፥ የዋስትናው ዘመንና የማስረከቢያው ቀን በዝርዝር ካልተጻፈ፥ ጥሩው ዕቃ ከተራው ጋር በዋጋ ብቻ ተመዝኖ ይወድቃል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በጅምላ የሚገዛው ነጋዴም ልብስ ሰፊውን ይመስላል፤ እርሱ የሚጨነቀው በስንት እንደሚገዛ ብቻ ሳይሆን አገሩ ወስዶ በስንት እንደሚሸጥ ስለ ሆነ፥ የመኪና ጭነቱንና የመለዋወጫውን ነገር አብሮ መነጋገር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መልስን እንደ ገዥው ጠባይ መለወጥና ዋጋን እንደ ገዥው ጠባይ መለወጥ እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። አንዳንድ ሱቆች ዋጋውን መጀመሪያ ሰቅለው ይናገሩና ለደፋሩ ያወርዱለታል፤ ዓይነ አፋሩ ግን የተሰቀለውን ከፍሎ ይሄዳል። ይህም ማለት ትሑቱ ገዥ የተከራካሪውን ቅናሽ ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰፈር፥ በአንድ ዕድር ሲገናኙ ዋጋ መጠያየቃቸው አይቀርም፤ ሱቁም ሁለቱንም ያጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ ቦታ ወይም በዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዘዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅናሽ ቢሰጥ እንኳ ምክንያቱ በዕቃው ብዛት፥ በእጅ በእጅ በመክፈል ወይም በማሳያ ላይ በመቆየቱ ይሁን፤ ያን ጊዜ ለማንም ቢነገር አያሳፍርም። ባለቤቱም የቅናሹን ወሰን ለአሻሻጮቹ አስቀድሞ ወስኖ ቢሰጣቸው፥ አንዱ የከለከለውን ሌላው የሚፈቅድበት ውዝግብ ይቀራል።

ሳይከራከር፥ ሳይጠይቅም «እመለሳለሁ» ብሎ የሚወጣው ገዥም አለ። አሻሻጮች ይህን ሰው እንደ ጠፋ ይቈጥሩታል፤ አንዳንዶቹም ከደጃፍ ተከትለው ዋጋ እየቀነሱ ይጠሩታል። እንዲህ ማድረግ እርሱንም ጠርጣሪ ያደርገዋል። የመኪናውን ዓይነት፥ ዋጋውንና ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና በቍራጭ ወረቀት ጽፎ፥ የሱቁን ስልክ ጨምሮ መስጠት ግን ምንም አያስከፍልም። ሌሎች ሱቆችን ዞሮ ሲያበቃ በኪሱ የሚያገኘው ያንን ወረቀት ነው።