ግማሽ በግማሽ ሁሉ አንድ አይደለም

ሳንቲም ወርውረን በመዳፋችን ብንሸፍነው ዘውድ ይሁን ጎፈር አናውቅም። ሆኖም ከሁለት በአንዱ ፊት እንዳረፈ አንጠራጠርም፤ የጎደለው የእኛ ዕውቀት ብቻ ነው። በኳንተም ዓለም የምናገኘው «ሃምሳ በመቶ»ስ እንዲሁ ያለማወቃችን መግለጫ ብቻ ነውን? ጥያቄው ፍልስፍናዊ ቢመስልም ምላሹ በቤተ ሙከራ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1922 ኦቶ ሽተርን እና ቫልተር ጌርላኽ በጀርመን ፍራንክፈርት ከምድጃ የወጣ የብር አቶሞች ጨረር ወጥ ባልሆነ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ አሳለፉ። ጨረሩም ወጥ ሆኖ በመዘርጋት ፋንታ ለሁለት ተከፈለ። ምክንያቱ የታወቀው ኡህለንቤክና ጎውድስሚት በ1925 የኤሌክትሮን ስፒንን ጽንሰ ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ ነው። የብር አቶም ስፒን በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ ከሁለት አንዱን መልስ ብቻ ይሰጣል።

አሁን ሁለት ጨረሮችን እናስብ። በመጀመሪያው ካሉት 1000 አቶሞች የ500ዎቹ ስፒን ወደ ላይ፣ የ500ዎቹ ወደ ታች ነው፤ ይህ ስታቲስቲካዊ ቅልቅል ይባላል። በሁለተኛው ግን በእያንዳንዱ አቶም ውስጥ የ«ላይ» እና የ«ታች» ሁኔታዎች በእኩል መጠን ተደምረዋል፤ ይህ ሱፐርፖዚሽን ነው። ማግኔቱን አቁመን ብንለካ ከሁለቱም ጨረሮች በግምት ግማሹን ላይ፣ ግማሹን ታች እናገኛለን። እስካሁን ልዩነት አይታይም።

ማግኔቱን በ90 ዲግሪ ብናጋድመው ግን ልዩነቱ ይገለጣል። ከቅልቅሉ አሁንም 500 ያህሉ ወደ ቀኝ፣ 500 ያህሉ ወደ ግራ ይሄዳሉ። በሱፐርፖዚሽኑ ግን፣ ሁለቱ ሁኔታዎች በተመሳሳይ የሒሳብ ምልክት ከተደመሩ፣ 1000ዎቹም ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። የአንድ ሞገድ ጫፍ ከሌላው ሞገድ ሸለቆ ጋር ሲገናኝ እንደሚጠፋፋ፣ ወደ ግራ የሚያደርሱት ሁለቱ ድርሻዎች እርስ በርሳቸው ተሰራርዘዋልና። እያንዳንዱ አቶም ከሁለቱ ሁኔታዎች በአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሰራረዝ ነገር ባልኖረ ነበር። እንግዲህ የሱፐርፖዚሽን «ሃምሳ በመቶ» የተሸፈነ ሳንቲም አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ አቶም ብቻ ለክተን ወደ ቀኝ ቢሄድ ምንም አናረጋግጥም፤ ቅልቅሉም ይህን በግማሽ ዕድል ይሰጣልና። ፍርዱ የሚገኘው በተመሳሳይ መንገድ ከተዘጋጁ ብዙ አቶሞች ነው።

የኳንተም ኮምፒውተር ሥራም በዚህ መሰራረዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ሙቀትና ከአካባቢ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን ሁኔታዎች ያስተሳሰረውን ቅንጅት ሲያፈርሱት ሱፐርፖዚሽኑ ወደ ተራ ቅልቅል ይለወጣል፤ ስሌቱም ይበላሻል።

ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ እንተው፦ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ የሆነ ቅልቅል ቢሰጣችሁ ከላይኛው ቅልቅል በምን ትለዩታላችሁ? ማግኔታችሁን ወደ ፈለጋችሁት አቅጣጫ አዙሩ፤ ፈጽሞ አትለዩትም። ለምን?