እውነት ወይስ ተረት? ዮጋና የክርስቲያን ልጆች

ክረምት ሲገባ በጀሞ፣ በላፍቶ፣ በጎፋና በሳሪስ የወላጆች ጭንቀት አንድ ነው፤ ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ እንዳይከርም የት ይላክ? ቴኳንዶ፣ ዋና፣ ጂምናስቲክ ሲባል ማንም አይደነግጥም። «ዮጋ» ሲባል ግን አንዷ እናት «ስፖርት አይደል እንዴ?» ትላለች፤ ሌላዋ በስመ አብ ብላ ታማትባለች። ሁለቱም ወገን በሚደጋግመው ነገር ውስጥ እውነትም ተረትም አለ።

«ዮጋ ንጹሕ ስፖርት ነው፤ ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም።»

ተረት ነው። ፓታንጃሊ የተባለ ሕንዳዊ ጠቢብ የጻፈው ነው የሚባለውና የዮጋ መሠረት ተደርጎ የሚቆጠረው ጥንታዊ ጽሑፍ 196 ገደማ አጫጭር አንቀጾች አሉት። ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚያወሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ የቀረው ስለ ምግባር፣ አሳብን ስለ መግዛትና ስለ ተመስጦ ነው። ሂንዱዎች ብቻ ሳይሆኑ ቡድሂስቶችና ጄይኖችም የየራሳቸው የዮጋ ልማድ አላቸው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም. በተካሄደ ጉባኤ ነው፤ የገዳ ሥርዓት በተመዘገበበት በዚያው ጉባኤ። እኛ በገዳ ስንደሰት ሕንዶቹ በዮጋ ተደስተው ወጡ። መዝገቡ ታዲያ ዮጋን ሲገልጽ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ አተነፋፈስን፣ ተመስጦንና በዜማ የሚደጋገሙ ቃላትን አንድ ላይ ይዘረዝራል። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ «ምንም መንፈሳዊ ነገር የለውም» ካለ፣ ስለሚሰጠው ክፍል ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዮጋ ግን አልተናገረም።

«እጅ ሲዘረጋ፣ ወገብ ሲታጠፍ፣ ሁሉም ለጣዖት የሚቀርብ ስግደት ነው።»

ይኸኛው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ዛሬ በጂም የምናየው፣ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚፈስ ዮጋ አብዛኛው የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የተባለ መምህር በሕንድ፣ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ያሠለጥን ነበር፤ ደቀ መዝሙሮቹም ትምህርቱን ዓለም አዳረሱት። ማርክ ሲንግልተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የመጣው ጂምናስቲክ ከዮጋ ጋር እንዴት እንደተቀላቀለ በዝርዝር አሳይቷል። ተከታታይ እንቅስቃሴ የሆነው «የፀሐይ ሰላምታ» እንኳ በዚያው በሕንድ የአውንድ ግዛት ገዥ የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለጤና ብሎ ያስፋፋው ነው። እርግጥ ስሙ የፀሐይ ሰላምታ ነው፤ ይህንን ለይቶ «ይቅርብን» የሚል ወላጅ አክራሪ ሊባል አይገባውም።

እግርን ከራስ ኋላ ማሳለፍ በራሱ አምልኮ ቢሆን ኖሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰርከስ ኢትዮጵያ ሲተጣጠፉ ያጨበጨብንላቸውን ልጆች ምን ልንላቸው ነው?

ቢሆንም «ሰውነት ነው፣ ምንም ትርጉም የለውም» የሚለው መልስ ለኦርቶዶክሳዊ አይመችም። ስግደትን የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ሰውነት ዝም ብሎ ሥጋ ነው አትልም። በስቅለት ዕለት ጎፋ ገብርኤል ቅጽር ውስጥ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ የዋለ ሰው፣ መጎንበስ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ያው ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ስግደትን ከአክብሮት ስግደት ትለያለች። ጉልበቱ የሚታጠፈው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ለማንና በምን ልብ ተደረገ የሚለው ይለየዋል። ይህን ልዩነት ለስግደት የተቀበለ ሰው ለወገብ ማፍታታት ሊነፍገው አይችልም። በተቃራኒው፣ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ የአማልክት ስም እየጠራ ከሆነ «ስፖርት ነው» ብሎ ማለፍም አይችልም።

እግረ መንገዴን፦ በወርልድ ቴኳንዶ ሥርዓት ልጆች የሚያጠኗቸው ታጉክ የተባሉት ስምንት ቅደም ተከተሎች የተመሠረቱት በጥንታዊ የቻይና ፍልስፍና ምልክቶች ላይ ነው። እስካሁን በዚህ ምክንያት ልጁን ከቴኳንዶ ያስወጣ ወላጅ አላጋጠመኝም።

«ክርስትና ዮጋን አውግዟል፤ አለቀ።»

አላለቀም። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮና ጊዜ ዮጋ ለጭንቀት መፍትሔ ተብሎ ሲመከር፣ የአምልኮ መንገድ እንጂ ስፖርት አይደለም፣ ከኦርቶዶክስ እምነትም ጋር አይሄድም ብሏል። መግለጫው ጠንካራ ነው። ነገር ግን ግሪኮቹና እኛ ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በአንድ ሲኖዶስ ሥር አይደለንም፤ ምክንያታቸው ሊመዘን ይችላል፣ ውሳኔያቸው ግን የእኛ ውሳኔ አይደለም።

ካቶሊኮች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ሳር ቤት አካባቢ ቫቲካን የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቫቲካን ኤምባሲ ነው፤ ያች ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1989 ኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ በሆኑት በካርዲናል ራትዚንገር ፊርማ ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ ደብዳቤ አውጥታለች። ከሌሎች ሃይማኖቶች የመጣ ዘዴ ክርስቲያናዊ ስላልሆነ ብቻ አይጣልም፤ የክርስቲያንን ጸሎት እስካላደበዘዘ ድረስ የሚጠቅመው ይወሰድ ይላል። ወዲያው ያስጠነቅቃል፦ ከሰውነት እንቅስቃሴ የሚመጣን የመረጋጋት ስሜት ከመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ጋር አታምታቱ። ለእኔ ከሁሉም ክርክር ይህች ማስጠንቀቂያ ትበልጥብኛለች። ገና ያልበሰለች የስምንት ዓመት ልጅ ሁለቱን በምን ትለያቸዋለች?

«ዮጋ ስኳርንም፣ አስምንም፣ ግፊትንም ይፈውሳል።»

ተረት። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉ ነገሮች አንዱ ብሎ ጠቅሶታል፤ ያውም ለአዋቂዎች። ኢንሱሊን ወይም ኢንሄለር የሚያስተው አሰልጣኝ ካለ ከሕፃናት ይራቅ። በጭንቅላት መቆምም አንገትን ስለሚያስጨንቅ ለትንንሾች አይመከርም።

«ትምህርት ቤት ከሰጠው ወላጅ ምን ያገባዋል?»

ያገባዋል። በካሊፎርኒያ ኤንሲኒታስ ከተማ ወላጆች ትምህርት ቤቱን በዮጋ ከሰውት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ዮጋ ሃይማኖታዊ ሊሆን እንደሚችል አልካደም፤ በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን ሃይማኖታዊ አይደለም ብሎ ፈረደ። የአላባማ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከልክሎ ቆይቶ በ2021 ፈቀደ፤ በዜማ የሚደጋገም ቃል እንዳይኖር፣ እንቅስቃሴዎቹ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ እንዲጠሩ፣ ወላጅም ፈርሞ እንዲፈቅድ አስገድዶ።

የእኛም ወላጅ ከመወሰኑ በፊት ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚባል፣ ምን ምስል እንደተሰቀለ፣ ዓይን ጨፍነው ሲቀመጡ ልጆቹ ምን እንዲያስቡ እንደሚነገራቸው ይጠይቅ። መልሱን ይዞ ንስሐ አባቱን ወይም ፓስተሩን ቢያማክር ደግሞ ውይይቱ በወሬ ሳይሆን በታየ ነገር ላይ ይሆናል። አንድ ቀን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ይይ። ወላጅ እንዳይገባ በሩን የሚዘጋ አሰልጣኝ ከሆነ፣ የሚያስተምረው ዮጋም ሆነ ዋና፣ ልጁን ይዞ መመለስ ነው።