ዳኛ ለሌለበት ሜዳ መሰናዳት

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ አንድ የተለመደ ግርግር አለ። ሃያ ምናምን የሚሆኑ ተማሪዎች የስፖርት ቦርሳቸውን፣ የመኝታ ከረጢታቸውንና በርከት ያሉ የፕላስቲክ ዲስኮችን በኪራይ መኪና ጭነው ረጅም መንገድ ይወጣሉ። ቅዳሜና እሑድ ስድስት ሰባት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ እሑድ ሌሊት ተመልሰው ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባሉ። የሚጫወቱት ስፖርት አልቲሜት ፍሪስቢ ይባላል። ሩጫው እንደ እግር ኳስ ያደክማል፤ ቅብብሉ ዓይን ይስባል። ከሌሎች የውድድር ስፖርቶች ለይቶ የሚያቆመው ዋናው ነገር ግን ጨዋታውን የሚዳኙት ራሳቸው ተጫዋቾቹ መሆናቸው ነው።

ጨዋታው ዕድሜው ገና ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1968 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በሜፕልዉድ ከተማ፣ የኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ጆኤል ሲልቨር፣ ፍሪስቢ በትምህርት ቤቱ ስፖርቶች ውስጥ እንዲገባ ለተማሪዎች ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበ። ከጓደኞቹ ከባዚ ሄልሪንግና ከጆን ሃይንስ ጋር ሕግ አወጡለት፤ ማታ ማታም በትምህርት ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ላይ በመብራት ይጫወቱ ጀመር። ሲልቨር ኋላ «ዳይ ሃርድ»ንና «ዘ ማትሪክስ»ን የመሳሰሉ ፊልሞች ፕሮዲዩሰር ሆነ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ደግሞ ወደየኮሌጁ ሲበተኑ ጨዋታውን ይዘውት ሄዱ። ኖቬምበር 6 ቀን 1972 የራትገርስና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኒው ብራንስዊክ ከተማ ገጠሙና ራትገርስ 29 ለ 27 አሸነፈ። እነዚሁ ሁለት ተቋማት በኮሌጆች መካከል የመጀመሪያ የሚባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ያደረጉት ከዚያ 103 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሥፍራ ነበር። ሥፍራው በ1972 የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1984 ሲሆን ዛሬ የሚመራው ዩኤስኤ አልቲሜት የተባለው ድርጅት ነው።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። በየወገኑ ሰባት ተጫዋች ይሰለፋል። ዋናው ሜዳ 64 ሜትር ያህል ርዝመትና 37 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሁለቱም ጫፍ 18 ሜትር ጥልቀት ያለው የነጥብ ክልል ተሰምሯል። ዲስኩ 175 ግራም ይመዝናል። ዲስክ የያዘ ሰው መሮጥ አይፈቀድለትም፤ አንድ እግሩን ተክሎ በሌላው እየተሽከረከረ ለጓደኛው ይወረውራል። ከፊቱ የቆመው ተከላካይ ጮክ ብሎ እስከ አሥር ይቆጥርበታል፤ አሥር ከመባሉ በፊት ካልለቀቀ ዲስኩ ለተቃራኒው ቡድን ይሆናል። መሬት ከነካ፣ ከመስመር ከወጣ ወይም ተከላካይ ከቀለበው እንዲሁ ነው። በነጥብ ክልሉ ውስጥ የቀለበ ነጥብ ያስቆጥራል። ብዙውን ጊዜ 13 ወይም 15 ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል፤ የተመደበው ሰዓት ካለቀ ግን በዝቅተኛ ነጥብም ሊያበቃ ይችላል።

ከእነዚህ ሕጎች ውስጥ ሁሉን የሚወስነው መሮጥ አለመፈቀዱ ነው። በእግር ኳስ አንድ ድንቅ ልጅ አራት ሰው አታልሎ ብቻውን ያስቆጥራል። በአልቲሜት ይህ አይቻልም፤ የቡድኑ ኮከብም ቢሆን ዲስኩን በያዘበት ቅጽበት ይቆማል፣ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ የልምምዱ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ሰባት ሰው በአንድ ሐሳብ እንዲንቀሳቀስ በማድረግ ላይ ነው። ማጥቃት ሲጀመር ሃንድለር የሚባሉት ወርዋሪዎች ከኋላ ሆነው ዲስኩን ያዘዋውራሉ፤ ከተር የሚባሉት ሯጮች መሐል ሜዳ ላይ በረድፍ ይቆሙና ተራ በተራ ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ጥልቁ ይፈተለካሉ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ከሮጠ ክፍተቱ ይዘጋል። ማን መቼ እንደሚሮጥ፣ የተጠቀመበትን ቦታ እንዴት ቶሎ ለቆ እንደሚወጣ፣ ይህ ሁሉ በወራት ድግግሞሽ የሚመጣ ነው። ተከላካዮቹም በበኩላቸው የሜዳውን አንድ ወገን በጋራ ለመዝጋት ይስማማሉ፤ ወርዋሪውን የሚጠብቀው ሰው ወደ ግራ መውጫ ከከለከለ፣ ሌሎቹ ስድስቱ ቀኝ ቀኙን ይይዛሉ። አንዱ ስምምነቱን ከረሳ የስድስቱ ልፋት ባዶ ይቀራል።

የሰሜኖቹ ግዛቶች ቡድኖች ይህን ሁሉ የሚለማመዱት በረዶ ሜዳውን ሸፍኖት ባለበት ወቅት፣ በጣራ ሥር ነው። በሚኒሶታ ግዛት፣ በኖርዝፊልድ ከተማ የሚገኘው ካርልተን ኮሌጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪው ሁለት ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ክረምቱ ረጅምና ብርቱ ነው። ያም ሆኖ «ከት» የተባለው የወንዶች ቡድኑ በ2001፣ በ2009፣ በ2011 እና በ2017 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል፤ «ሲዚጂ» የተባለው የሴቶቹ ቡድን ደግሞ በ2000 ዋንጫውን ወስዷል። በተማሪ ብዛት በብዙ እጥፍ የሚበልጡት ዩኒቨርሲቲዎች በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ካርልተንን ከቁብ አይቆጥሩትም፤ በዚህ ሜዳ ግን ስሙ ያስፈራል። ለዚህ ምክንያቱ በጥር ጨለማ በጣራ ሥር የሚሠሩት ሥራ ይመስለኛል። እነ «ዳርክሳይድ» ያላቸው ዕድል ግን ሌላ ነው። ይህ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን የሚለማመደው በለዘበ አየር ነው፤ ከ2021 እስከ 2023 ተከታታይ ሦስት ዋንጫ ወስዷል። እህት ቡድኑ «ፕሊያዲስ» ከ2021 እስከ 2024 አራቱንም ዓመት አሸንፋለች።

በጣራ ሥር የማይገኘው አንዱ ነገር ነፋስ ነው፤ የሳምንት መጨረሻው ውድድር ውጤት ደግሞ ብዙ ጊዜ በነፋስ እጅ ነው። ዲስክ እንደ ኳስ አይደለም። ነፋስ ከፊቱ ሲመጣበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ይንሳፈፋል፤ ከኋላው ሲመጣ ቶሎ ይወርዳል፤ ከጎን ሲመታው ጠርዙ ትንሽ ቀና ካለ ተሸክሞት ከሜዳ ያወጣዋል። መድኃኒቱ ሽክርክሪት ነው፤ በኃይል የተሽከረከረ ዲስክ ሚዛኑን ይጠብቃል። ስለዚህ ብልኅ አምበሎች አየሩ ሲከፋ ልምምድ አይሰርዙም። ጀማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ወደ ሜዳ ያወጧቸዋል፤ በጀርባ እጅ፣ በፊት እጅ፣ ከራስ በላይ ገልብጠው እንዲወረውሩ፣ ዝቅ ብለው በተከላካይ ክንድ ሥር እንዲያሾልኩ ያደርጓቸዋል። ጣት ይደነዝዛል፣ ዲስኩ ይንሸራተታል፣ ያም ሆኖ ይቀጥላሉ።

ነፋስ ስልቱንም ይለውጠዋል። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ካስቆጠረበት ጫፍ ላይ ቆሞ ዲስኩን ለተቃራኒው በረጅሙ ይወረውራል፤ ተቀባዩ ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥቶ ያጠቃል። በዚህ የተነሣ አንዱ ቡድን ነፋሱን ተከትሎ ካስቆጠረ፣ ቀጥሎ የሚያጠቃውም ነፋሱን ተከትሎ ነው። ሁለቱ እንዲህ እየተፈራረቁ ነጥብ ለነጥብ ሲሄዱ አንዱ በመከላከል ዲስክ ነጥቆ ነፋሱን ተጋፍቶ ካስቆጠረ ሚዛኑ ይሰበራል፤ አሁን ተጋጣሚው ነፋስ ፊት ለፊቱ ሆኖ ማጥቃት አለበት። አንዲት እንዲህ ያለች ነጥብ ጨዋታውን ልትወስን ትችላለች። ለዚህ ሲባል ቡድኖች የአካባቢ መከላከልን ይለማመዳሉ፦ ሦስት ሰዎች ወርዋሪውን እንደ ቅርጫት ከበው አጫጭር ቅብብል ብቻ ይፈቅዱለታል፤ ሌሎቹ ረጅሙን ይጠብቃሉ። አጥቂዎቹ ትዕግሥት ካላቸው ሃያም ሠላሳም ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተቀባበሉ ክፍተት ይጠብቃሉ፤ ከሌላቸው ዲስኩን ለነፋሱ ይሰጡታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሜዳው ላይ ፊሽካ የያዘ ሰው የለም። የተገፋ ተጫዋች «ፋውል!» ብሎ ይጠራል፤ ጨዋታው ይቆማል። ጠሪው የሆነውን ይናገራል፣ የተጠራበት ይመልሳል። «ልክ ነህ» ካለ ዲስኩ ለተበደለው ይሰጣል። «አልነካሁህም» ካለና ካልተስማሙ ዲስኩ ወደ ወርዋሪው ይመለስና ያ እንቅስቃሴ ይደገማል። በሻምፒዮናና በመሰል ትልልቅ ውድድሮች ታዛቢዎች ይኖራሉ፤ እነሱም መስመር ይጠብቃሉ፣ ተጫዋቾቹ መስማማት ሲያቅታቸው ይፈርዳሉ፤ ፋውሉን የሚጠራው ግን ተጫዋቹ ነው። ይህ ሥርዓት «የጨዋታው መንፈስ» ይባላል፤ በሕጉ መጽሐፍም መጀመሪያ ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ ለውድድር መሰናዳት ማለት ሕጉን ማጥናትም ጭምር ነው። ሰባቱም ተጫዋቾች የመጽሐፉን ቃል ካላወቁ ሲበደሉ መብታቸውን አያስከብሩም፤ የባሰው ደግሞ ሳያውቁ ይበድላሉ። ጥሩ ቡድኖች በልምምድ መሐል አወዛጋቢ ሁኔታ ፈጥረው ጀማሪዎቹ ራሳቸው እንዲፈቱት ያደርጋሉ፦ በእርጋታ ተናገር፣ ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ የራስህ ጓደኛ ቢሳሳት አንተው አርመው። የመጨረሻው በጣም ከባዱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወጣት ነጥቡ 12 ለ 12 ሆኖ ሳለ «አይ፣ እግሬ መስመሩን ነክቷል» ብሎ በራሱ ላይ እንዲመሰክር የሚጠይቅ ሌላ የቡድን ውድድር አላውቅም። የሚያታልልም አለ፤ ሁሉን ነገር ፋውል እያለ የሚያሰለች ቡድንም አለ። ግን ስሙ ይወጣል፤ በዚህ ትንሽ ዓለም ውስጥ መጥፎ ስም ከቡድኑ ጋር ለዓመታት ይኖራል። ከጨዋታ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ተጋጣሚውን በአምስት መመዘኛ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ይሰጠዋል፦ በሕግ ዕውቀት፣ ፋውልና አካላዊ ንክኪን በማስወገድ፣ በፍትሐዊነት፣ በመልካም መንፈስና ራስን በመግዛት፣ በመግባባት። ሁለት ማለት እንደሚገባው ተጫውታችኋል ማለት ነው።

የመሰናዶው ሌላው ፊት ገንዘብና ድካም ነው። የአሜሪካን ኮሌጆች ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ አልቲሜትን በሥሩ አላስገባውም፤ አብዛኞቹ ቡድኖች ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚመሩዋቸው ክለቦች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ድጎማ ይሰጣል፤ ቀሪው ከአባላት መዋጮ ይሞላል። አምበሎቹ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና ገንዘብ ያዥ ይሆናሉ፤ አንዱ መኪና ይከራያል፣ አንዷ ሆቴል ትይዛለች፣ አንዱ ሙዝ፣ ዳቦና የለውዝ ቅቤ በካርቶን ይገዛል። በአንድ ክፍል አራትም አምስትም ሆነው ያድራሉ። ነጭና ጠቆር ያለ፣ ሁለት ዓይነት ማሊያ ይይዛሉ። ፈተና የደረሰበት በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ያጠናል። ይህን ሁሉ የሃያ ዓመት ልጆች ማንም ሳያዛቸው ሲያደርጉት ማየት ያስደንቀኛል፤ ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ አይደራጅም።

ቅዳሜ የምድብ ጨዋታ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ግጥሚያ በአንድ ቀን። እሑድ ጥሎ ማለፍና የደረጃ ጨዋታ ይሆናል። አምበሉ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ የእሑድን እግር ማሰብ አለበት፤ ኮከቦቹን በመጀመሪያው ቀን የጨረሰ ቡድን በሁለተኛው ቀን ሲንከላወስ ይታያል። ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ሰባቱንም መቀየር ስለሚቻል፣ ተቀያሪዎቹ ምን ያህል ተዘጋጅተዋል የሚለው ጥያቄ እዚህ ይመለሳል።

ውጤቱ ከዋንጫው በላይ ይሄዳል። በከፍተኛው ምድብ ብሔራዊ ሻምፒዮና የሚገቡት ሃያ ቡድኖች ናቸው። አገሪቱ በአሥር ክልል ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ክልል አንድ ቦታ በእርግጠኝነት ያገኛል፤ ቀሪዎቹ አሥር ቦታዎች በወቅቱ ውጤት ላይ በተሠራ ደረጃ መሠረት ለጠንካራ ክልሎች ይከፋፈላሉ። ደረጃው ማንን አሸነፍክ ብቻ ሳይሆን በስንት ልዩነት የሚለውንም ይቆጥራል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ ቴክሳስ ወይም ካሊፎርኒያ ሄዶ ጠንካራ ቡድን የረታ ኮሌጅ ለክልሉ ተጨማሪ ቦታ ሊያመጣ ይችላል፤ በዚያ ቦታ የሚገባው ግን በክልሉ ማጣሪያ የሚያሸንፈው ነው፣ ምናልባትም የጎረቤቱ ባላንጣ። ዋናው ሻምፒዮና የሚካሄደው በሜይ መጨረሻ ነው።

በሚኒሶታ፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያ፣ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ኮሌጅ ገብቶ «ቅዳሜና እሑድ ለፍሪስቢ ከከተማ ልወጣ ነው» ቢላችሁ፣ የመናፈሻ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የጀመሩት ኮሌጅ ከገቡ በኋላ ነው፤ ቡድኖቹ በመስከረም አዲስ ሰው ሲመዘግቡ አብዛኛውን ጊዜ ልምድ አይጠይቁም፤ ታኬታ ጫማ፣ የመሮጥ ፈቃድና የሳምንቱን ልምምድ የማክበር ዲሲፕሊን ይበቃል። ውድድሩ በአካባቢያችሁ ሲሆን ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉ፤ በመደበኛው ወቅት ብዙውን ጊዜ መግቢያ አይከፈልም። ከመስመሩ ውጭ ቁሙ፤ ጨዋታው ሲቆምም ሁለቱ ተጫዋቾች የሚነጋገሩትን አድምጡ።