ሲያልፉ የሚገኝ መዓዛ

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል እንደ ማሽተት ያለ ቸል የተባለ የለም። ዓይን ያየውን ሠዓሊ ይሥለዋል፤ ጆሮ የሰማውን ደብተራ በዜማ ምልክት ይጽፈዋል፤ አፍንጫ ያገኘው ግን ነፋስ እንደ ነካው ጢስ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፥ አንድ የፀደይ ሽቱ እንዴት እንደ ተቀመመና ምን ምን እንደሚሸት ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

የሽቱው ስም በፈረንሳይኛ «አን ፓሳን» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ሲያልፉ» ማለት ነው። የቀመመችው ኦሊቪያ ጂያኮቤቲ የተባለች ፈረንሳዊት ስትሆን፥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓመት ለገበያ ያወጣው ፍሬዴሪክ ማል ነው። የዚህ ሰው አያት የክርስቲያን ዲዮርን የሽቱ ቤት ያቋቋመ ነበር። ማልም በዚያው ዓመት የራሱን ቤት ሲከፍት ከልማዱ የተለየ ሥራ ሠራ፤ ይኸውም አሳታሚ የደራሲውን ስም በመጽሐፉ ላይ እንደሚያትም፥ እርሱም የቀማሚውን ስም በጠርሙሱ ላይ አተመ። ከዚያ አስቀድሞ የቀማሚው ስም ብዙ ጊዜ ተሰውሮ፥ የሚታወቀው የነጋዴው ስም ነበር። እኛም በብዕር የምናድር ሰዎች ስለ ሆንን፥ ጽፈነው ሌላ የፈረመበት ደብዳቤም ብዙ ስለ ሆነ፥ ይህን በሰማን ጊዜ ደስ አለን።

የዚህ ሽቱ ልቡ ሊላ የሚባለው አበባ ነው። ሊላ በኤውሮፓ በሚያዝያና በግንቦት የሚያብብ ቍጥቋጦ ሲሆን፥ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፥ አበባው ጥቃቅንና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፥ መልኩም ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው። የኛ ሰው ፀደይ ሲባል የመስከረምን አደይ አበባ ቢያስብም፥ በሐሳበ ዘመን ሊቃውንት ፀደይ የሚሉት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ወራት ነውና፥ የሊላው ወራት ከዚሁ ጋራ ይገጥማል።

ነገር ግን ሊላ በሽቱ ሠሪዎች ዘንድ ዲዳ አበባ ይባላል። ጽጌ ረዳ በእንፋሎት ሲጠመቅ፥ ጃስሚንም በሚያሟሟ ፈሳሽ ሲነከር ሽታውን ይሰጣል፤ ሊላ ግን ቢያፈሉትም ቢነክሩትም በዛፉ ላይ ሳለ የነበረውን መዓዛ አይሰጥም። ስለዚህ ቀማሚው ከልዩ ልዩ ቅመም አሰባስቦ፥ ሠዓሊ በፊቱ የሌለውን ሰው መልክ ከትዝታ እንደሚሥል፥ የሊላውን ሽታ ራሱ መፍጠር አለበት።

አሁን ወደ ሽታው እንምጣ። ቀድሞ የሚመጣው ውኃ ነው፤ ዝናም ያባራበት የአትክልት ቦታ፥ የረጠበ ቅጠል፥ አሁን የተቈረጠ ኪያር ይሸታል። ቀጥሎ ነጩ ሊላ ቀስ ብሎ ይገለጣል። ጨዋታው ያለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከአበባው ሥር የስንዴ ሽታ ብቅ ይላል፤ ይህም በአትክልቱ አጥር አጠገብ ዳቦ ጋጋሪ ያለ ያስመስላል። የቀድሞው ዘመን ሽቱ ከአገራችን በሚሄደው ዝባድና ይህን በመሰለው ቅመም የከበደ ነበር፤ ይህ ግን ቀላል ነው፤ ስሙም እንደሚለው ነክቶ ያልፋል።

ሽቱው ከባሕር ማዶ በተላከልን ጊዜ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከንቱ ወጪ ነው ብለን ነቀፍነው። በቤታችን ዓይናቸው የጠፋ፥ አባታችን ካረፉ ወዲህም ከክፍላቸው መውጣት የተዉ እናት አሉን። አንድ ቀን ባለቤታችን ከሽቱው ጥቂት በነጠላዋ ጫፍ ነክታ በአጠገባቸው ብታልፍ፥ «ዝናሙ አባራ እንዴ? ዳቦስ የሚጋግረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ምድጃውም አልነደደም። ሽቱ መሆኑን ብንነግራቸው ሳቁ፤ ወደ ደጅ አውጡኝ ብለውም በረንዳው ላይ ተቀመጡና ስለ እናታቸው ድፎ ዳቦና ስለ ልጅነታቸው ደጅ እስኪመሽ አወጉን። እኛም የነቀፍነውን በልባችን መለስን።

እንዲህ ያለውን ሽቱ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በጠርሙሱ አፍ ብቻ አይፍረድ፤ ጥቂት በእጁ አንጓ ላይ አድርጎ አንድ ሰዓት ያህል ይቈይ፤ የመጀመሪያው ሽታ ሄዶ የሚቀረው ሌላ ነውና። ሲቀቡትም ማሳነስ ይሻላል፤ ይልቁንም ወደ ሕመምተኛ ቤት ሲሄዱ መተው መልካም ነው። ብርሃንና ሙቀት ሽቱን ስለሚያበላሹት በመስኮት አጠገብ አይቀመጥ። የኛ ጠርሙስ ዛሬ ከባለቤታችን ጠረጴዛ ተነሥቶ፥ ከፀሐይ ርቆ፥ በእናታችን ራስጌ ባለው ሣጥን ውስጥ ይገኛል።